ቀይ የተቀባችው «የ»

ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየምስራች፣ አጥር ዘላ ባሕር ለተሻገረችው ጊደሬ፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» ስልሽ ግን የስልኩ «ደህና ነን» እንዳይመስልሽ። በስልክ ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ እግሩ የተሰበረም ደህና ነው፣ ላሙ ገደል የገባችበትም ደህና ነው። የኔ «ደህና ነን» እንዲህ ነው፤ ጉልበቴ ከጉና ብርድ ጋር ተማምሎ አልነሣም ይለኛል፣ የእናትሽ የጌጤ ምላስ ከወጣትነቷ ይልቅ ስሏል፣ ልጅሽ ኤሌኒ የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ጣሪያ ላይ ወርውራ ስትስቅ በሩ ክፍት የቀረ ቤት መስላለች። ከዚህ የተረፈው ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የአያሌው ልጅ ፈንታነሽ ታደርስልሻለች፤ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ወደ ኩዌት መመለሷ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያ ዕቃ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ ጢጥ ብሎ ይቋረጣል። ደግሞም እኔ ስናገር አጠገቤ አራት ጆሮ ይቆማል፤ ሁለቱ የእናትሽ፣ ሁለቱ የልጅሽ። ካንቺ በኩል ስንት ጆሮ እንደሚቆም ደግሞ እኔ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ «ውሌ ከፋሲካ በኋላ ያልቃል፤ አሠሪዬ ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው፤ አባዬ ምን ይላሉ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «አስቤ እነግርሻለሁ» አልኩሽ። እነሆ አሰብኩ። ግን መልሱን ከፊት ባደርገው የቀረውን ሳታነቢ ታጥፊዋለሽ። አውቅሻለሁ፤ ዳዊት ስትደግሚም «ስንት ቀረኝ?» እያልሽ ቅጠሉን ትቆጥሪ ነበር። ስለዚህ ተቀመጪና ከመጀመሪያው ስሚኝ።

ከመስከረም ወዲህ ሰፈራችን አንዲት አስተማሪ ገብታለች። ጥሩወርቅ ትባላለች፣ የአንበሳሜ ልጅ ናት። እንዳንቺው ኩዌት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት። ከአጥራችን በላይ ያለውን ቤት ተከራይታ፣ በሩን በየቀለሙ አዥጎርጉራ፣ «ሕፃናትን ፊደል በሥዕልና በከለር እናስተምራለን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። እኔ በዚህ ሰፈር ስንቱን ልጅ ፊደል ሳስቆጥር ሰሌዳ ሰቅዬ አላውቅም። የልጆቹ ጩኸት ሰሌዳዬ ነበር፤ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ሲሉ እታች ገበያው ድረስ ይሰማል።

እናትሽ እኔን ሳታማክር ኤሌኒን ወስዳ እዚያ አስገባቻት።

«ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ?» አልኳት።

«አልሞትክም። ግን ስታስተምራት እንቅልፍ ይወስድሃል፤ ልጅቱም ስንደዶውን ከእጅህ ወስዳ አፍንጫህን ትኮረኩርበታለች።»

እንቅልፍ አይደለም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማዳምጠው። አንቺ ታውቂያለሽ።

ጥርጣሬዬ የተነሣው ከዝምታው ነው። ያ ሁሉ ልጅ የታጎረበት ቤት ድምፅ የለውም! ልጅ ዝም ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ ስኳር እየሰረቀ ነው። በጉን የማስር መስዬ ወደ አጥሩ ተጠጋሁና ጆሮዬን ሰጠሁ። እንደ ጎተራ አይጥ ፍቅፍቅ የሚል ነገር ብቻ ይሰማል። በቀዳዳው ባይ ሁሉም በሆዳቸው ተኝተው፣ ምላሳቸውን ባንድ በኩል አውጥተው፣ ወረቀት ይፍቃሉ። ጥሩወርቅ በመካከላቸው በቀስታ ትመላለሳለች። ዱላ የላት፣ ስንደዶ የላት! «ባዶ እጇን የምታስተምር ሴት ምን ደብቃለች?» አልኩ በልቤ።

ኤሌኒ ስትመለስ ከንፈሯ ዙሪያ አረንጓዴ፣ ጣቷ ብጫ ነበር። «ምላስሽን አውጪ» አልኳት። ሰማያዊ!

«ዛሬ ምን ተማርሽ?»

«‹በ›ን ቀባኋት አባባ።»

«ምን ቀባሻት? ቅቤ?»

«ቡኒ! በግ ናት እኮ። አታውቅም አንተ?»

(«አንቱ» የሚለውን ገና ከለር አልቀቡላትም መሰለኝ፣ እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ። ተቆጥቼ ሞከርኩ፤ አልሆነም።)

ወረቀቱን አሳየችኝ። «በ» ዙሪያዋ ብቻ ተስሎ ሆዷ ባዶ ነበረ፤ ልጅሽ ያንን ሆድ በቀለም ሞልታዋለች። ከጎኗ በግ ቆሟል። ፊደል ጾሙን ሲውል፣ ኋላም በከለር ሲፈስክ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ከ‹በ› በፊት ማን አለ?» ብላት «ማንም የለም፣ በግ ብቻ ናት» አለችኝ። ሀ ሳይነካ፣ ለ ሳይጠራ፣ ዘለው በ ላይ! በበሩ ትቶ በጣሪያ የሚገባ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።

«ይቺ ሴት አንድ ነገር አላት» አልኳት ለእናትሽ።

«ምን አላት?»

«እሱን ነው የማጣራው።»

«አጣራ። እስክታጣራ ግን ይቺን ድንች ላጥልኝ።»

ሌላ ቀን ደግሞ እንዲሁ ድንች እየላጥኩ ሳለሁ ኤሌኒ «አ»ን ይዛልኝ መጣች። «አ» ቀይ፤ አጠገቧ ያለችው አህያም እስከ ጆሮዋ ቀይ። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። አንቺ ሕፃን ሆነሽ ብራና ላይ ስጽፍ አጠገቤ ትቀመጪ ነበር፤ መሬት ላይ የምተክላቸው ሁለት የቀለም ቀንዶች ትዝ ይሉሻል። ትልቁ የጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ለሁላችን ነው፣ ለንጉሡም ለገበሬውም ለአህያውም። ትንሹ የቀይ ነው፤ ቀዩ ለእግዚአብሔር ስም፣ ለእመቤታችን ስም፣ ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው። ያንቺን ጣት ከዚያ ከትንሹ ቀንድ ስንት ጊዜ አውጥቻለሁ!

«ኤሌኒ፣ አህያ በቀይ አይጻፍም» አልኳት።

«ማን ነው የሚጻፈው?»

«ቅዱሳን ናቸው።»

«የኔ ስምስ?»

«መስቀሉን ያገኘችው ንግሥት ዕሌኒ በቀይ ትጻፋለች። ስኳር ሲጠፋ የምትገኘው ኤሌኒ ጥቁር ይበቃታል።»

ሳቀች። ከዚያ ቁም ነገር ያዘችና «ቅዱሳን ማን ናቸው?» አለችኝ። እኔም ድንቼን እየላጥኩ «አናያቸውም፣ ሩቅ ናቸው። ግን ጧት ማታ ስማቸውን እንጠራለን፤ እነሱም ስለ እኛ ይደክማሉ» አልኳት። ዝም አለች። ያች ልጅ ዝም ስትል መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የምጠረጥረው ሌላ ሰው ነበር።

በሳምንቱ ኤሌኒ የክፍሉን ቀይ ከለር በሙሉ ሰብስባ በቀሚሷ ሸሽጋ ተገኘች። ደምሴ የሚባል የክፍሏ ልጅ «ታዲያ ቲማቲሜን በምን ልቀባ?» ብሎ ቢታገላት ነከሰችው። ጥርስ በሌለው አፍ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ጥሩወርቅ በአጥሩ በኩል መጣች፣ እጅ ነሣችኝ።

«የኔታ፣ ልጅቷ ቀዩን ከለር ለምን እንደምትደብቀው ያውቁ ይሆን?»

እኔ ምኔ ሞኝ ነው! «ከለሩ ያንቺ፣ ተማሪው ያንቺ፤ እኔ ከየት አውቄ?» አልኳት። ፈገግ ብላ ወደ ጌጤ ገባች። ጓዳ ሆነው ሲንሾካሾኩ ቆዩ። እኔ ብቅ ስል ሁለቱም ዝም። ሁለት ሴቶች ሰው ሲገባባቸው ዝም ካሉ፣ ሲያወሩ የነበሩት ስለ ገባው ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያንቺ ስልክ ጠፍቷል። ከጥምቀት ወዲህ አልደወልሽም። እናትሽ «ሥራ በዝቶባት ነው» አለችኝ። ሳልጠይቃት ነው ያለችኝ። በዚያው ሰሞን ዓመት በዓል ሳይሆን ዶሮ አረደችልኝ፤ ፈረሰኛውንም ለእኔ አወጣችልኝ። ቀኑን ሙሉም አልሰደበችኝም። የምስራች ሙች፣ አንድም ስድብ!

ከዚያ አንድ ጧት ጸሎቴን ላደርስ ወደ ሥዕለ ማርያም ዞር ስል፣ ከሥዕሏ ሥር ወረቀት ተሰክቷል። ቀረብ ብዬ አየሁት። «የ» ናት፤ ከራሷ እስከ እግሯ ቀይ። ከሥሯ ባለው ሣጥን ውስጥ አንዲት ሴት ተስላለች። ፊት የላትም። እጇ ግን ረጅም ነው፤ ከሣጥኑ አልፎ ወደ ወረቀቱ ጫፍ ይሄዳል። ኤሌኒ እያዛጋች መጣች። መጀመሪያ ማርያምን ተሳለመች፤ ቀጥላ «የ»ን ተሳለመች፤ ፊቷን ልትታጠብ መንገድ ጀመረች።

«ነይ እስቲ፤ ይህ ምንድን ነው?»

«የምስራች ናት።»

«ምን ሆና?»

«ቀይ ሆና» አለችኝና ሄደች።

ልጄ፣ መደቡን ይዤ ተቀመጥኩ።

የአገራችንን ነገር ታውቂዋለሽ። መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። ባለቤቱ ሳይሰማ አገሩ ሁሉ ይሰማል፤ ጎረቤት ይመክራል፣ «ሽማግሌ ነው፣ ይደነግጣል፣ ትንሽ እህል ይቅመስ» ይባላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ይቆማሉ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ጥሩወርቅ ካንቺ ዘንድ የመጣች ናት፤ እዚያ ያሉ ሴቶች ሁሉ ስልኳ ውስጥ ናቸው። ቀድማ የምትሰማ እሷ ናት። ለጌጤ በጓዳ ነገረቻት። ለልጅቱም በከለር ነገረቻት። ዶሮዋ ለዚህ ታረደች፤ ስድቡም ለዚህ ቀረ። ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። «ሸሸጋችሁኝ? እኔም ማወቄን እሸሽጋችኋለሁ» አልኩ። ጌጤን በጎን አያታለሁ፤ ዓይኗ የቀላ ይመስለኛል፤ ሽንኩርት ትክተፍ፣ ታልቅስ፣ አልለየውም። እሷም ለካ እኔን እያየች «ይህ ሰው ስልኩ ዝም ካለ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎታል» ትል ኖሯል።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አያሌው ነው፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች አሉ። ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። «ግቡ» አልኩ። ተቀመጥኩ። ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«በሉ ንገሩኝ» አልኳቸው፣ «እችለዋለሁ።»

አያሌው ዞሮ ጓደኞቹን አየ። «አያ ይሻው... በቅሎዋን ፈልገን ነበር። ከጉና ገብስ ልናወርድ። ካላስቸገርንዎት።»

በቅሎዋን ሰጠኋቸው። ኮርቻውንም፣ ልጓሙንም ሰጠኋቸው፤ ቤቱን ቢጠይቁኝም እሰጣቸው ነበር። ከወጡ በኋላ ግን እንደገና ተነሣብኝ። ለበቅሎ ሦስት ሰው ምን ያደርጋል? ብችል ባልችል ሊመዝኑኝ መጥተው፣ ፊቴን አይተው ፈርተው ተመለሱ አልኩ።

ከዚያ በኋላ መቻል አቃተኝ። ከዘራዬን ይዤ ያንን ዥጉርጉር በር ገፋሁት። ልጆቹ ወለሉ ላይ እንደ እህል ተሰጥተዋል።

«ልጄን ምን አደረጋችኋት?» አልኩ።

«ኤሌኒ? ይኸው እዚህ ናት፣ የኔታ» አለች ጥሩወርቅ።

«የምስራችን ነው የምልሽ! ሞታ ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ። ለሕፃን በከለር መርዶ አይነገርም!»

በእጇ የያዘችው ሁሉ ረገፈ። «ኧረ በሥላሴ! ማን ሞተ አሉ?» አለች። ድንጋጤዋን አየሁት፤ ድንጋጤ ደግሞ አይቀባም። ወረቀቱን ከጉያዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት።

«መጽሐፉ ለ‹የ› የሜዳ አህያ ነው የሚለው» አለችኝ። «ደብረ ታቦር ላይ የሜዳ አህያ ማን አይቶ? ስለዚህ ሣጥኑን ባዶ ትቼ ‹በ«የ» የሚጀምር የምታውቁትን ሳሉ› አልኳቸው። ኤሌኒ እናቷን ሣለች። ቀዩ ግን የራሷ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃት አልነግርም አለችኝ። አንቱንም፣ እትዬ ጌጤንም የጠየቅሁት ለዚሁ ነው።»

ኤሌኒን ጠራናት። እጇን ከኋላዋ አድርጋ መጣች።

«ለምን ቀይ ቀባሻት?» አልኳት።

«አንተ አይደለህ ያልከኝ!»

«እኔ? መቼ?»

«ድንች ስትልጥ።» ጣቷን እያጠፈች ነገረችኝ። «አናያትም። ሩቅ ናት። ጧት ማታ ስሟን እንጠራለን። ለእኛ ትደክማለች። ታዲያ ቀይ አይደለች?»

ያ የተነከሰው ደምሴ ከወለሉ ላይ ቀና አለና «የኔ እናት እዚሁ ናት። እኔ በጥቁር ነው የምቀባት» አለ። ደግሞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቤቱ ዝም አለ። ያን ጊዜ ዝምታው አላስጠረጠረኝም።

ጥሩወርቅ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «እኔ ከኩዌት ስመለስ» አለችኝ ወደ ውጭ እያየች፣ «ልጄ ‹እንግዳ መጣች› ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። እኔም ተቀመጥኩ፤ ምን ላድርግ የኔታ።» ሌላ አልጨመረችም። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። ስንቱን ስጠይቅ የከረምኩ ሰውዬ!

ዶሮዋ እንቁላል መጣል አቁማ ኖሯል የታረደችው። ስድቡም በማግሥቱ ተመለሰ፤ ነገሩን ስትሰማ እናትሽ ሁለት እጥፍ አድርጋ ከፈለችኝ። ለአያሌው ነግራው አሁን በቅሎ ሊጠይቅ ሲመጣ «አያ ይሻው፣ ማንም አልሞተም፣ በቅሎ ነው» እያለ ነው የሚገባው።

ከለሩን ግን ሙሉ በሙሉ አመንኩት እንዳይመስልሽ። ጥሩወርቅ የምትስላቸው ፊደሎች እግራቸው ጠማማ ነው። ስለዚህ አሁን ባዶዎቹን ፊደላት በመቃ ብዕሬ የምስልላት እኔ ነኝ። ቀብተው ሲጨርሱ ደግሞ በቅደም ተከተል፣ ከሀ ጀምረው፣ ገበያው እስኪሰማ ይጮኻሉ። በዚህ ተስማምተናል። አልፎ አልፎ ግን በአጥሩ በኩል አያለሁ።

ከዚያ ባለፈው እሑድ ስልኩ ጮኸ፤ አንቺ ነሽ። «ስልኬ ውኃ ገብቶበት ነው» አልሽ። ውኃ የገባበት ስልክ ወር ሙሉ ሳይደርቅ ይከርማል ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም። «ደህና ነኝ» ስትይ ከኋላሽ ማን ቆሞ እንደነበርም አልጠየቅኩሽም። ያች አሠሪሽ «ሁለት ዓመት ጨምሪ» ስትል ለምን እንዲህ እንደቸኮለችም አልጠየቅኩሽም። አንቺም አትንገሪኝ፤ በደብዳቤም በስልክም አትንገሪኝ። መደቡ ላይ ተቀምጠሽ ትነግሪኛለሽ።

እንግዲህ መልሴን ገምተሽው ይሆናል። የላክሽው ጣሪያችንን ቆርቆሮ አልብሶታል፤ ዝናብ ሲጥል ስምሽን እንመርቃለን፣ አልክድሽም። ግን ልጅሽ ከማርያም ሥር ሰክታሻለች። ቅዱሳን ደጎች ናቸው፣ አንድ ነገር ብቻ ይጎድላቸዋል፤ የልጅ ጠጉር አይሠሩም፣ ጥርስ ወልቆ ሲያዩ አብረው አይስቁም። ደግሞስ አንቺ ምንሽ ቅድስት ነው? የሰው ኮክ ስትሰርቂ ከዛፍ ላይ ያወረድኩሽ እኔ አይደለሁም? ቅድስና አይሆንሽም። አትጨምሪ። ወደ ጥቁሩ ቀለም፣ ወደ እኛ ወደ አህዮቹ ነይ።

ኤሌኒን «በይ አሁን እናትሽን ጥቁር አድርጊያት» ብላት «ቀይ ላይ ጥቁር አይዝም፤ ሌላ ሳልልኝ» አለችኝ። ሣልኩላት። «ታዲያ ቀቢያ!» ብላት ጥቁሩን ከለር ከእጄ ነጥቃ ወስዳ ደበቀችው። «ስትመጣ» አለችኝ፣ «አብረን ነው የምንቀባት። ፊቷንም ያን ጊዜ ነው የምስለው፤ አይቼ።»

በደብዳቤው ውስጥ ታጥፋ የምታገኚያት ባዶ «የ» እሷ ናት። እንዳትቀቢያት። ባዶዋን ይዘሻት ነይ።

ቀይዋ ግን ከሥዕሉ ሥር እንዳለች ነው። ላነሣት ነበር፤ ኤሌኒ እምቢ ስላለች ተውኳት። ጧት ጧት አቧራዋን እጠርግላታለሁ፤ ሌላ ነገር አላደርግም። እናትሽ ሌላ ነገር ሲያደርግ አየሁት ብትልሽ አትመኛት፤ የእሷም ዓይን እንደ ጉልበቴ ነው።

የወሰደሽን መንገድ የሠራ ጌታ፣ ያንኑ መንገድ ወደ ቤትሽ ያዙርልሽ። የሚያይሽ ዓይን ክፉ አይሁን። የምትበይው ይስማማሽ፤ ስትተኚ የሰው አገር ጣሪያ አይክበድሽ። ትንሣኤውን አብረን ባናየው፣ ዳግማይ ትንሣኤን በአንድ ገበታ ያድርገን። አሜን በይ፤ ጮክ ብለሽ፣ የቆመውም ይስማ።

አባትሽ ይሻው፣
በጥቁር ቀለም